ማሽኑ እንዳይቆም

የወንድሜ ልጅ ከሐኪሟ ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ ያወራችው ቤታቸው ሳሎን ውስጥ ነው፤ እሱ ማውራት ከተባለ። ወንድሜ ኮቱን ደርቦ፣ ጸጉሩን አበጥሮ ከልጁ ጎን ተቀመጠ። ሚስቱ የሶፋውን ልብስ ቀየረች። ሁለቱ ታናናሾቿ እየተገፋፉ ስልኩ ላይ አንገታቸውን አሰገጉ። እኔም ብሆን፣ ምን ልዋሽ፣ ልብስ ቀይሬ ነው የሄድኩት። ሰው በቪዲዮም ይምጣ በእግሩ እንግዳ ነው፤ ደህና ነሽ ሳይሏት ዘው ብላ ሥራ ትጀምራለች? ወንድሜ የራሷን ጤና ጠየቀ፣ የእናቷን ጤና ጠየቀ፣ ያለችበትን ከተማ አየር ጠየቀ። እሱ ሲጨርስ ሚስቱ ተቀበለችውና እንደገና ከእናቷ ጤና ጀመረች። ሴትዮዋ ትዕግሥት ሰጥቷታል፣ ለሁሉም ፈገግ እያለች መለሰች። የልጅቷ ተራ ሲደርስ ሰዓቱ አልቋል።

ዶክተሯ እያልን እንጥራት እንጂ ዶክተር አይደለችም። የሥነ ልቦና ባለሙያ ናት፤ ድብርት የያዛቸውን ልጆች በኢንተርኔት የሚያማክር ድርጅት ውስጥ ትሠራለች። ዶክተር አይደለሁም ብላ ደጋግማ ነግራናለች፣ እኛም ደጋግመን እሺ ብለናል፣ ከዚያ ዶክተር ማለታችንን ቀጥለናል።

የወንድሜን ልጅ ጭራሮ ነው የምላት። ከተወለደች ጀምሮ ቀጭን ስለነበረች ያወጣሁላት ስም ነው፤ ሌላ ሰው ከጠራት ግን ትኮሳተራለች። አሁን ዐሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። እኔ ልጅ የለኝም፣ እሷ አለችኝ። ድሮ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በቀጥታ ወደ እኔ ልብስ ስፌት ቤት ነበር የምትመጣው። ቦርሳዋን ወርውራ፣ የካውያው ጠረጴዛ ላይ ቁጢጥ ብላ፣ የደንበኛውን ሁሉ አለባበስ ስታወጣና ስታወርድ ታመሽ ነበር። «አክስቴ፣ ይቺ ሴትዮ በዚህ ቀለም ሠርግ ልትሄድ ነው ወይስ ሠርጉን ልታስቆም?» ትለኛለች ሴትዮዋ በሩን ሳትዘጋ። ስንት ጊዜ አፏን በእጄ ይዣለሁ።

ከዚያ ባንድ ክረምት ዝም አለች። መጀመሪያ መምጣት ቀነሰች፣ ቀጥሎ መብላት፣ ቀጥሎ ከአልጋ መነሣት። ወንድሜ ስንፍና ነው አለ። ሚስቱ ዓይን ነው አለች። እኔ ደግሞ ስልክ ነው ብዬ ደመደምኩ። ሆስፒታል ስትታይ ድብርት ነው ተባለ። እኔ ድብርት የሚባለውን የማውቀው የእሁድ ከሰዓት ነገር አድርጌ ነበር፣ ሰኞ ሥራ ሲገባ የሚለቅ። በኢንተርኔት የምታናግራት ባለሙያ ትኑር ሲባል ደሜ ፈላ። ልጅቷ ከስልክ ላይ ዓይኗን አልነቅል ብላ ነው እዚህ የደረሰችው፣ መድኃኒቱም ስልክ ሊሆን ነው? ይህን ለወንድሜ ጮክ ብዬ ነገርኩት። እሱ ግን ሌላ ምን አማራጭ አለን አለኝ።

ከዚያ የሰላምታ ቀን በኋላ ሴትዮዋ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፤ ልጅቷ ብቻዋን የምትሆንበት፣ ማንም የማይሰማት ቦታ። ወንድሜ ቤት ሁለት ክፍል ነው፣ የሚቆለፍ በር ያለው መጸዳጃ ቤቱ ብቻ ነው። እዚያም ሞከሩት፤ የስድስት ዓመቱ ልጅ በሩን እየደበደበ «ሊያመልጠኝ ነው!» ሲል ሐኪሟ ራሷ ልጅቷን «በቃ ውጪለት» ብላ አዘነችለት። ያኔ ነው እኔ ጋ ትምጣ ያልኩት።

የእኔ ስፌት ቤት ምድር ቤት ነው፣ በመንገዱ በኩል የመስተዋት በር አለው። ሁለት ማሽን፣ አንድ የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ ጥግ ላይ የልብስ መለኪያ። መለኪያው በሦስት ጎኑ ኮምፖርሳቶ፣ በአንዱ መጋረጃ ነው። በሰፈሩ ኔትወርክ እንደዚያ ጥግ አድርጎ የሚይዝበት ቦታ የለም፤ ደንበኞቼ ልብስ ሊለኩ ገብተው ስልክ እያወሩ አልወጣ ይሉኛል። ጭራሮ ወንበር ይዛ ገባች፣ መስተዋቱን ወደ ግድግዳው አዞረችው፣ መጋረጃውን ሳበች። ሐኪሟ በስልኩ ድምፅ ማጉያ እኔን ጠየቀችኝ።

«ውጭ ላለ ሰው ይሰማል?»

«ይሰማል እንጂ» አልኳት። «ደንበኛ ዚፕ ለመዝጋት ሆዱን ሲስብ እንኳ ይሰማል።»

ሴትዮዋ ሳቀች። ጭራሮ አልሳቀችም። ቀስ ብላ፣ ለእኔም ለሷም ሳይሆን ለወለሉ፣ «ማሽኑ ሲሮጥ አይሰማም» አለች።

እንግዲህ እንዲህ ሆኖ ተስማማን። የእሷ ሰዓት ሲደርስ ማዳመጫዋን ጆሮዋ ላይ ትሰካለች፣ እኔ ፔዳሉን እረግጣለሁ፣ ጨርሳ እስክትወጣ አላቆምም።

ቀላል መስሎኝ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት የታችኛው ክር አለቀብኝና አዲስ እስካጠነጥን ማሽኑን አቆምኩ። ከመጋረጃው ጀርባ ሲያጉረመርም የነበረው ድምፅ አብሮ ቆመ። ክሩን አስገብቼ ፔዳሉን ስረግጥ ድምፁ ትንሽ ቆይቶ ተመለሰ። ሆን ብዬ አልነበረም፣ ግን ሌላ ጊዜ ደንበኛ ሲገባ ሳቆም እንደዚያው ሆነ። ኮምፖርሳቶው ከማሽኑ ጋር ስለሚንቀጠቀጥ ጆሮዋ ቢሸፈንም መቆሙ ይሰማታል። ማሽኑ ሲቆም ልጅቷም ትቆማለች።

ስለዚህ ቁልፍ ሰፊዋን አሰለጠንኳት። ይቺ ሴት አብራኝ የምትሠራ ናት፣ ቁልፍና የቁልፍ ቀዳዳ ላይ እጇ ወርቅ ነው፣ አፏ ግን አያርፍም። የእኔ ክር ሊያልቅ ሲል በዓይኔ እጠቅሳታለሁ፣ የእሷ ማሽን ይነሣል፣ ከዚያ የእኔ ይቆማል። አንዳንድ ቀን የሚሰፋ ሥራ ያልቃል፤ ያኔ ከጆንያ ብጣሽ ጨርቅ እያወጣሁ አንዱን ካንዱ እገጥማለሁ፣ ሰማያዊውን ከአበባማው፣ ገበርዲኑን ከሐሩ።

«እትዬ፣ ይሄ ምን ሊሆን ነው?» አለችኝ ቁልፍ ሰፊዋ ብጣሹ ጠረጴዛውን አልፎ መሬት ሲደርስ።

«የአንቺ ምላስ መሸፈኛ» አልኳት።

እንዲህ ሆነን ሳምንታት አለፉ። ጭራሮ መጥታ ትገባለች፣ ወጥታ ትሄዳለች። ምን አለችሽ፣ ምን ተባባላችሁ ብዬ ልጠይቃት ምላሴ ይበላኛል፤ ሐኪሟ አትጠይቋት ስላለች እውጠዋለሁ። አልዋሽም፣ ቀናሁ። አፏን በእጄ ስይዝ የኖርኩት እኔ፣ ዛሬ የሆዷን የምታጫውተው መልኳን በስልክ ብቻ የምታውቀውን ሰው። ወንድሜ ደግሞ ትዕግሥቱ አለቀ። ልጄ እንደነበረችው ናት፣ በዚህ ወር ካልተሻላት ይሄን የስልክ ወሬ አስቁሜ ሌላ እፈልጋለሁ ማለት ጀመረ። ሐኪሟ ጭራሮን አስፈቅዳ፣ እሷ ባለችበት ለሁለታችን ነገረችን።

«ልትነግረኝ የምትፈልገው ከባድ ነገር አለ። ትጀምረውና ታቆመዋለች። አትቸኩሉባት። ያመቻቻችሁላትን ነገር ብቻ እንዳትቀይሩባት።»

ወንድሜ ራሱን ነቀነቀ። እኔ ጭራሮን አየኋት፤ ጣቷ ላይ ክር እየጠመጠመች ነበር።

በተከታዩ ቀጠሮዋ ጭራሮ ከሌላው ጊዜ ቀደም ብላ መጣች። የካውያው ጠረጴዛ ላይ ወጣች፣ እንደ ድሮው ቁጢጥ አላለችም፣ እግሯን አንጠልጥላ ተቀመጠች። ፊቷ ነጥቷል።

«አክስቴ» አለችኝ፣ «ዛሬ ልነግራት ነው። ዛሬ ካልነገርኳት ሁለተኛ የምነግራት አይመስለኝም።»

«እሺ የኔ ልጅ።»

«ማሽኑን...»

«እጄ ይቆረጣል እንጂ አይቆምም» አልኳት።

ችግሩ ጠበቃው ናቸው። ጠበቃው የድሮ ደንበኛዬ ናቸው፣ ትልቅ ሰው፣ በሁሉም በኩል ትልቅ። በማግሥቱ ችሎት ስላላቸው ከጥቂት ዓመት በፊት የሰፋሁላቸውን ሱሪ ለብሰው መጥተው ወገቡን አስፊልኝ አሉ። ሱሪው አልጠበበም፣ እሳቸው ናቸው የሰፉት፤ ይህ ግን ለደንበኛ አይነገርም፣ ጨርቁ ታጥቦ ተሰብስቧል ይባላል። መለኪያው ውስጥ አውልቀው በመጋረጃ ሥር አቀበሉኝና እኔም ስፌቱን ፈታሁት። ሳልጨርስ የጭራሮ ሰዓት ደረሰ። መለኪያውን መልቀቅ ግድ ሆነባቸውና ወገባቸው ላይ አንሶላ አገልድመው ወጡ። ከመቁረጫው ጠረጴዛ ጀርባ አስቀመጥኳቸው፤ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ችሎት ላይ እንዳሉ ቀጥ ብለው ተቀመጡ።

«ልጅቱ ምን ትለካለች ይሄን ያህል?» አሉኝ ቆይተው።

«ትምህርት አላት፣ በስልክ» አልኩና ፔዳሉን ረገጥኩ።

ሮጥኩ። የሱሪያቸውን ስፌት ጨርሼ ወደ ብጣሹ ተሻገርኩ። በማሽኑ ሥር የጭራሮ ድምፅ ይሰማኛል፣ ቃሉ አይለይም። አንዴ ከፍ ይላል፣ አንዴ ይጠፋል። ይጀምርና ያቆማል። ይኸው መጣች፣ ይኸው ልትለው ነው እያልኩ ጥርሴን ነክሼ እረግጣለሁ። ቁልፍ ሰፊዋ እንኳ አፏን ዘግታለች።

መብራት ጠፋ።

አንዴ ጭልም፣ የማሽኖቹ ድምፅ ወርዶ ወርዶ ሞተ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ፣ ቀድሞ የተጀመረ ዓረፍተ ነገር ከመጋረጃው ጀርባ ብቻውን ወጣ።

«...ማታ ስተኛ፣ ጠዋት ባልነቃ ደስ ይለኛል እያልኩ ነው የምተኛው።»

ጠበቃው አቀርቅረው ቦርሳቸውን ያዩ ጀመር። እኔ ከወንበሬ ተነሥቻለሁ፤ መቼ እንደተነሣሁ አላውቅም። መጋረጃውን ቦጭቄ ልገባ፣ ልጄን ደረቴ ላይ ልለጥፋት፣ ምን አድርገንሽ ነው፣ እኔን እንኳ እንዴት አልነገርሽኝም፣ እኔንስ ለማን ትተሺኝ ልላት። እጄ መጋረጃው ጋ ሊደርስ ሲል ጥያቄዎቼን ሰማኋቸው። ሁሉም ስለ እኔ ነበሩ። እሷ ደግሞ አሁን ትንፋሿን ይዛለች፤ የማሽኑ መቆም ገብቷታል። አንዲት ትንፋሽ ያህል ጊዜ ነበረኝ። ከዚያ በኋላ «መብራት ጠፋ፣ ሌላ ቀን እናውራ» ትላታለች፣ ሌላው ቀን ደግሞ አይመጣም።

ተመልሼ የማሽኑን መዘውር በእጄ አሽከረከርኩት። እንደ ታመመ ድመት አጉረመረመ እንጂ ለመሸፈን አልበቃም።

እኔ ዘፈን አይሆንልኝም። ድምፄ በር የሚያንኳኳ ሰውን እንኳ የሚያስደነግጥ ነው። ግጥምም በቃሌ አልይዝም። አፌን ስከፍት የመጣልኝ ከፊቴ ሱሪው ላይ በጠመኔ የጻፍኩት ቁጥር ነው። በሙሉ ድምፄ፣ ዜማ ይሁን ጩኸት ሳይታወቅ፣ ለቀቅኩት፦

«ወገብ መቶ ዐሥራ ሁለት! ዳሌ መቶ ሃያ! ቁመት መቶ ሦስት፣ እግሩ ሃያ አራት!»

ቁልፍ ሰፊዋ ያበድኩ መስሏት አየችኝ። ዓይኔን ወደ መጋረጃው ወረወርኩላት። ነገር በዓይን የሚገባት ሴት ናት፤ መቀሱን አንሥታ የጠረጴዛውን እግር መደብደብ ጀመረች።

«ወገብ መቶ ዐሥራ ሁለት!»

ጠበቃው ቀና አሉ። ፊታቸው ቀልቷል። ክብረ ነክ ንግግር ብለው የሚከሱኝ መሰለኝ። ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ ዳኛ በሚያነቃው ድምፃቸው፣ ዜማዬን ተከትለው መለሱልኝ፦

«መቶ ዐሥር ነው! መቶ ዐሥር!»

«መቶ ዐሥራ ሁለት!»

«ይግባኝ እላለሁ! መቶ ዐሥር!»

እኔ አወጣለሁ፣ እሳቸው ይቀበላሉ፣ ቁልፍ ሰፊዋ ትመታለች። ሱሪያቸው ሲያልቅ ወደ ኮታቸው ተሻገርኩ። ትከሻ፣ ደረት፣ የእጅ ርዝመት። ኮታቸው ሲያልቅ ባለፈው ሳምንት የሰፋሁለትን ሙሽራ አነሣሁ፣ ከዚያ የሙሽራውን ሚዜዎች። በመስተዋቱ በር መንገደኛ ቆሞ ያየናል። አንዲት ሴት ዘንቢሏን አስቀምጣ አፏን ይዛ ቀረች፤ አንሶላ ያገለደሙ ትልቅ ሰው ስለ ወገባቸው ሲከራከሩ በየቀኑ አይገኝም። እኔ እያለቀስኩ እዘፍን ነበር። ዕንባዬ አገጬ ጋ ይደርሳል፣ አፌ ግን ሰማንያ ስድስት፣ ዘጠና አራት ይላል።

በየመሀሉ ትንፋሽ ስወስድ ከመጋረጃው ጀርባ የጭራሮ ድምፅ ሽው ይልብኛል። ያወራል። አንድ ቃሉ እንኳ አይለይም፣ ግን ሳይቆም ያወራል። በሕይወቴ ምንም ባለመስማቴ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ድምፄ ተዘግቶ ሹክሹክታ ላይ ደርሼ ነበር መጋረጃው ሲከፈት። ጭራሮ ዓይኗ አብጧል፣ ማዳመጫውን አንገቷ ላይ አንጠልጥላለች። ሦስታችንንም ተራ በተራ አየችን። ቁልፍ ሰፊዋ መቀሱን አስቀመጠችና «ሻማ ልግዛ» ብላ በጠራራ ፀሐይ ወጣች። ጠበቃው አንሶላቸውን ጨብጠው ተነሡ፣ በልጅቷ አጠገብ ሲያልፉ አንገታቸውን ዝቅ አድርገው እጅ ነሱ፣ መለኪያው ውስጥ ገብተው መጋረጃውን ዘጉ። ሱሪያቸው ጠረጴዛው ላይ እንዳለ ነበር።

«ሰማሽኝ አይደል?» አለችኝ ጭራሮ።

ኧረ ምንም ልላት ከንፈሬ ተከፍቶ ነበር። አልወጣልኝም።

«አንዷን ሰማሁ» አልኳት በተዘጋው ድምፄ። «ስለ መንቃት ያልሻትን። ከዚያ በኋላ ያለውን እግዜር ይወቅ። ሰውዬው እንደዚያ እየጮሁ ማን ይሰማል?»

«አልጮህኩም» አሉ ጠበቃው ከመጋረጃው ጀርባ።

የከንፈሯ ጫፍ ተንቀሳቀሰ። ያቺን የምታህል ነገር ካየሁ ወራት አልፎኛል። እወዳታለሁ፣ እንዴት እንደምወዳት ለመናገር አልችልበትም፤ ብቻ አለሁ፣ ምንም አልጠይቅሽም እንዲል አድርጌ ፊቴን ለማስተካከል ሞከርኩ። ዕንባና ጠመኔ የተለወሰ ፊት ምን ያህል እንደሚስተካከል እንጃ።

«ለማንም አልናገርም» አልኳት። «አንቺ ካላልሽ ለአባትሽም አልናገርም።»

«መነገር አለበት አለች» አለችኝ። «እንዲህ ያለ ነገር ብቻሽን ተሸክመሽ ማደር የለብሽም፣ አብሮሽ ካለ ሰው አንዱ ዛሬውኑ ማወቅ አለበት፣ ከዚያ ለእናትና ለአባትሽ እንዴት እንደምንነግራቸው አብረን እናስባለን፣ ሆስፒታልም ተመልሰሽ ትታያለሽ አለችኝ። ማን ይሁን፣ ምረጪ ስትለኝ...»

ጣቷ ላይ ያለውን ክር ፈታችና መልሳ ጠመጠመችው።

«ማንን አልሻት?»

«ያቺ የምትዘፍነዋ ትሁን አልኳት።»

ስልኩን ወደ እኔ ዘረጋችው። ሐኪሟ አልሄደችም፣ ስክሪኑ ላይ ሆና ትጠብቀናለች። እኔ የብጣሽ ጆንያውን በእግሬ ሳብኩላትና ተቀመጠች፣ አጠገቧ ተቀመጥኩ፣ ስልኩን በመካከላችን ያዝነው። ጭራሮም ከመጀመሪያው ጀምራ ነገረችኝ።